የአንሶላው 150 ብር፦ የሽያጭ ታክስ በደሴና በሌላው ዓለም

ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብታችሁ አንሶላ ስትጠይቁ፣ ከዋጋው በፊት ጥያቄ ይቀድማል። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» በደረሰኝ 1,150 ብር ነው። ፊታችሁ ጠቆር ካለ ባለሱቁ ያባብላችኋል፦ «አብሽሪ እናቴ፣ ያለ ደረሰኝ በሺህ ብር እሰጥሻለሁ።» ብዙ ሰው ሺህ ብሩን ከፍሎ፣ 150 ብር ተረፈኝ ብሎ ይወጣል።

ያ 150 ብር ከየት መጣ? ቢከፈል ኖሮ ወዴት ይሄድ ነበር? ሪያድ ወይም ሜሪላንድ ያለው ዘመዳችን አንሶላ ሲገዛስ ምን ይከፍላል? ስለ ቫት (ተጨማሪ እሴት ታክስ) ሲወራ ሁላችንም የምንይዘው መቶኛውን ነው። 15 በዛ፣ እነ እገሌ አገር 5 ነው እንላለን። እኔን ግን ከመቶኛው በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ታክሱ የሚሰበሰበው ዕቃው ከሚያልፍባቸው እጆች ከየትኛው ነው? ወረቀቱስ ዕቃውን ተከትሎ ይሄዳል ወይ? ሥርዓቱን የሚያቆመውም የሚጥለውም ይኸው ነው።

አንድ አንሶላ ከክር እስከ አልጋ

ያንኑ አንሶላ ይዘን እንሂድ። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ስለሆነች ምሳሌው ከደጃችን ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ታክስ ሳይገባበት፣ ክር አቅራቢው ለኮምቦልቻ ፋብሪካ በ200 ብር ሸጠ እንበል። ፋብሪካው ሸምኖ፣ አቅልሞ፣ ሰፍቶ ደሴ ላለ ጅምላ ነጋዴ በ600 ሰጠ። ጅምላ ነጋዴው ለባለሱቁ በ800 ሸጠ። ባለሱቁ ደግሞ ለእናንተ በ1,000 ብር።

መንግሥት ከዚህ ሰንሰለት ታክስ መውሰድ የሚችልበት ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ቀላሉና ክፉው ነው። ዕቃው በተሸጠ ቁጥር ከሙሉ ዋጋው ላይ ታክስ መቁረጥ። በየደረጃው 15 በመቶ ይቆረጥ እንበል። ክሩ 230 ብር ይሆናል። ፋብሪካው በዚያ ላይ የራሱን 400 ጨምሮ 630 ሲደርስ፣ ታክሱ 724 ብር ከ50 ያደርሰዋል። ጅምላ ነጋዴው 200 ይጨምራል፣ ታክስ ይቆረጣል። ባለሱቁ 200 ይጨምራል፣ እንደገና ይቆረጣል። እናንተ ጋ ሲደርስ አንሶላው 1,452 ብር ከ65 ሳንቲም ሆኗል። ስሙ 15 በመቶ ነው፤ የሺህ ብሩ ዕቃ ግን ከ45 በመቶ በላይ ታክስ ተሸክሟል። ታክስ በታክስ ላይ እየተደራረበ ነው የመጣው። ሌላም ጣጣ አለው። ዕቃው ያለፈባቸው እጆች በበዙ ቁጥር ታክሱ ይበዛል። ስለዚህ ክሩንም፣ ፋብሪካውንም፣ ሱቁንም አንድ ላይ የያዘ ትልቅ ባለሀብት ይረክስለታል። መሐል ላይ ያለው ትንሽ ነጋዴ ይወጣል። ጀርመን እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ እንዲህ ዓይነት ታክስ ነበራት፤ በማግሥቱ ዓመት ነው ወደ ቫት የዞረችው።

ሁለተኛው መንገድ ቫት ነው። ሞሪስ ሎሬ የሚባል የፈረንሳይ የታክስ ባለሙያ ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ላይ አዋለችው። ዛሬ አብዛኛው የዓለም አገር ይጠቀምበታል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 285/1994 አውጥታው፣ በ1995 ዓ.ም የድሮውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ ተጀመረ። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል፤ 15 በመቶው ግን እንዳለ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክር አቅራቢው በ200 ብር ላይ 30 ብር ቫት ተቀብሎ ለገቢዎች ያስገባል። ፋብሪካው ሲሸጥ በ600 ላይ 90 ብር ይቀበላል። ነገር ግን ክሩን ሲገዛ 30 ብር ከፍሏል፤ ደረሰኙም በእጁ ነው። ስለዚህ 60 ብር ብቻ ያስገባል። ጅምላ ነጋዴው 120 ተቀብሎ፣ የከፈለውን 90 ቀንሶ 30 ያስገባል። ባለሱቁ ከእናንተ 150 ተቀብሎ፣ የከፈለውን 120 ቀንሶ 30 ያስገባል። ደምሩት። 30፣ 60፣ 30፣ 30። ድምሩ 150 ብር ነው። እናንተ የከፈላችሁት 150 ብር ሳንቲም ሳይዛነፍ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ከነጋዴዎቹ አንዱም ከኪሱ አላወጣም። ሁሉም የከፈለውን ከተቀበለው ላይ ቀንሷል። ሙሉውን የተሸከመው የመጨረሻው ገዢ ነው። ነጋዴው እዚህ ላይ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ነው። ገንዘቡ በእጁ ያልፋል እንጂ የሱ አይደለም። «ቫት አከሰረኝ» የሚል ነጋዴ ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃውን ስትገዛ ደረሰኝ ተቀብለሃል? መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ያከሰረው እሱ ነው። የሚቀንሰው ወረቀት ስለሌለው 150ውን ሙሉ ለማስገባት ይገደዳል።

ሦስተኛው መንገድ የአሜሪካ ነው። እዚያ በፌዴራል ደረጃ ቫት የለም። 50 ክፍላተ ሀገር አሉ፤ ከነሱ 45ቱ የየራሳቸው የሽያጭ ታክስ አላቸው። ታክሱ የሚሰበሰበው አንዴ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ፋብሪካው ለጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላ ነጋዴውም ለባለሱቁ ሲሸጡ «መልሼ ለመሸጥ ነው የምገዛው» የሚል ማረጋገጫ ተቀብለው ያለ ታክስ ይሸጣሉ። ባለሱቁ ብቻ ከእናንተ ሙሉውን ተቀብሎ ያስገባል። በአንሶላችን ብናሰላው፣ 15 በመቶ ቢሆን ኖሮ ያው 150 ብር ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ የሚታየው አንዱ ሲያጭበረብር ነው። ባለሱቁ ሽያጩን ቢደብቅ፣ በአሜሪካው መንገድ 150ው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በቫት ግን 120ው ቀድሞ ገብቷል፤ የሚጠፋው 30 ብር ነው። ቫት ጠንካራ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ገዢ ነጋዴ ከሻጩ ደረሰኝ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል፤ ካልጠየቀ ራሱ ይጎዳል።

ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ

አሁን ወደ «አብሽሪ» እንመለስ። ባለሱቁ አንሶላውን ከጅምላ ነጋዴው በደረሰኝ ገዝቶ ከሆነ፣ 920 ብር ከፍሏል። በሕጉ ቢሸጥ 1,150 ተቀብሎ፣ 30 አስገብቶ፣ 200 ብር ያተርፋል። ያለ ደረሰኝ በ1,000 ቢሸጥ ግን 80 ብር ነው የሚተርፈው። ከ200 ይልቅ 80 የሚመርጥ ነጋዴ አላውቅም።

እንግዲያው እንዴት ያዋጣዋል? ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው። ወይ ዕቃው ከላይም ያለ ደረሰኝ ነው የመጣው፤ ወይ ደግሞ የከፈለውን 120 ብር በሌላ ሽያጭ ላይ እያቀናነሰ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ሰንሰለቱ ከሥሩ ተበጥሷል፤ ከ150ው አንዲት ሳንቲም አልገባችም። በሁለተኛው ደግሞ መንግሥት አስቀድሞ ያገኘው ተመልሶ ተወስዷል።

በዚህ የሚጎዳው መንግሥት ብቻ ቢሆን ጉዳዩ ይህን ያህል ባላሳሰበኝ። የሚጎዳው ከጎኑ ያለው ባለሱቅ ነው። ካሽ ሬጅስተር ማሽን ገዝቶ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ በየወሩ ታክሱን ለገቢዎች የሚያስታውቀው። እሱ 1,150 ሲል ጎረቤቱ 1,000 ይላል። ደንበኛው የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው። ሐቀኛው ውሎ አድሮ ወይ ይዘጋል ወይ እንደ ጎረቤቱ ይሆናል። ገዢውም ቢሆን አንሶላው በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙን ቢለቅ ተመልሶ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ያለ ቫት የሚሸጥ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። ቫት የሚመዘገበው የዓመት ሽያጩ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ የሆነ ነጋዴ ነው። በ1995ቱ ሥርዓት ጣሪያው 500 ሺህ ብር ነበር፤ በኋላ ወደ 1 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ከዚያ በታች ለነበረው ነጋዴ የተበጀው ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ የሚቆረጠው ተርን ኦቨር ታክስ ነበር፤ ለዕቃ 2 በመቶ። ያልተመዘገበ ትንሽ ነጋዴ ቫት መጠየቅ አይችልም። ቫት ያልተመዘገበ ሰው «15 በመቶ ጨምሩ» ካላችሁ፣ ያ ገንዘብ ገቢዎች ጋ አይደርስም። በሌላ በኩል እሱ ራሱ ሲገዛ የከፈለውን ቫት የሚቀንስበት መንገድ ስለሌለው፣ በዋጋው ውስጥ ደብቆ ከናንተ ያገኘዋል። ሆቴሎችና ድርጅቶች ዕቃ ሲገዙ «ቫት ተመዝጋቢ ነህ?» ብለው የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ዜሮ እና ነፃ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከቫት ነፃ መሆንና በዜሮ ምጣኔ መሸጥ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ላይ ገዢው ምንም አይጨመርበትም። ለሻጩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክን ፋብሪካ ውሰዱ። የሚልከው በዜሮ ምጣኔ ነው። ማለትም ከሽያጩ ቫት አይቀበልም፤ ለክሩ፣ ለቁልፉ፣ ለካርቶኑ የከፈለውን ግን ይመለስለታል። ልብሱ የኢትዮጵያን ቫት ሳይሸከም ነው ድንበር የሚሻገረው። ጅቡቲ ቢሸጥ የጅቡቲን 10 በመቶ ይከፈልበታል፤ ኬንያ ቢሸጥ የኬንያን 16። ይህ በዓለም ሁሉ የሚሠራ ደንብ ነው። ታክሱ የሚከፈለው ዕቃው በሚበላበት ወይም በሚለበስበት አገር ነው። እንዲህ ባይሆን አንድ ሸሚዝ ሁለት ቦታ ቫት ይከፈልበት ነበር።

ዳቦና እንጀራ ደግሞ ከቫት ነፃ ናቸው። ዳቦ ቤቱ ቫት አይጠይቃችሁም። ግን ማሽን ሲገዛ፣ ማሸጊያ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ማንም አይመልስለትም። ያ ወጪ ሳይታይ ዳቦው ዋጋ ውስጥ ይገባል። «ነፃ» የሚለውን ስንሰማ ታክስ ጭራሽ የለበትም ማለት እንዳይመስለን።

ዳቦ ላይ ካነሳን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁር ዳቦ በዜሮ ምጣኔ ሲሸጥ ነጭ ዳቦ 15 በመቶ ይከፈልበታል። ሐሳቡ ድሃው የሚበላውን ርካሽ ማድረግ ነው። ታላቋ ብሪታንያ ደግሞ አብዛኛውን ምግብና የሕፃናት ልብስ በዜሮ ትሸጣለች፤ መደበኛው 20 በመቶ ነው። ኬክ ዜሮ ነው፣ በቸኮሌት የተለበጠ ብስኩት ግን ሙሉ ታክስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፋ ኬክ የሚባለው በቸኮሌት የተለበጠ ጣፋጭ ኬክ ነው ወይስ ብስኩት በሚል የታክስ ችሎት ቀረበ። ከክርክሮቹ አንዱ፣ ኬክ ሲያድር ይደርቃል፣ ብስኩት ሲያድር ይለሰልሳል የሚል ነበር። ጃፋው ይደርቃል። ኬክ ነው ተብሎ ተፈረደለት። ካናዳ ውስጥ ዶናት ከስድስት ባነሰ ቁጥር ስትገዙ ታክስ አለው፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ የለውም። ጥቂት የሚገዛው እዚያው ሊበላ ነው፣ ብዙ የሚገዛው ለቤቱ አስቤዛ ነው ከሚል ነው። ጃፓን መደበኛው 10 በመቶ ነው፤ ምግብ ይዛችሁ ከሄዳችሁ 8፣ እዚያው ከበላችሁ 10።

ዴንማርክ ይህን ሁሉ ትታ፣ ቅናሽ የሚባል ምጣኔ ሳታወጣ፣ በአንድ 25 በመቶ ትሠራለች። ድሃውን የምትረዳው ሰብስባ ከጨረሰች በኋላ በድጎማና በነፃ አገልግሎት ነው። ለአሰባሰብ የዴንማርክ ይቀላል። እኛ አገር ግን ድጎማው በሰዓቱ እያንዳንዱ ቤት ይደርሳል ብዬ አላምንም። ሰኞ ገበያ አንድ ጣሳ ጤፍ ይዛ ለተቀመጠች እናትም ማሽን አይተከልም። ስለዚህ እህሉን፣ እንጀራውን ነፃ ማድረጋችን ልክ ነው እላለሁ።

ዘመዶቻችን ባሉበት

ከወሎ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ቫት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ነው፤ ሁለቱም በ5 በመቶ። ኤምሬትስ እዚያው ላይ አለች። ሳዑዲ ግን በሐምሌ 2020፣ በኮሮናና በነዳጅ ዋጋ መውደቅ መሐል፣ በአንድ ጊዜ ወደ 15 ወሰደችው። እንግዲህ እህታችን ሪያድ ገዝታ የምትልከው ስልክ ላይ የምትከፍለው መቶኛ ደሴ ላይ ከምንከፍለው እኩል ነው። «ዓረብ አገር ታክስ የለም» የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል።

ሜሪላንድ ያለው ዘመዳችን ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። መደርደሪያው ላይ 20 ዶላር የተጻፈበትን አንሶላ ይዞ ካሸሩ ጋ ሲደርስ 21 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይባላል። የሜሪላንድ ታክስ 6 በመቶ ነው፤ የሚጨመረውም መጨረሻ ላይ ነው። ጎረቤቷ ደላዌር ግን የሽያጭ ታክስ የላትም። ሰው መኪናውን አስነስቶ እዚያ ሄዶ ይገዛል። በሕጉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልዩነቱን ለሜሪላንድ መክፈል ነበረበት፤ ማን ያየዋል? በኢንተርኔት መግዛት ሲመጣ ችግሩ ገዘፈ። ለብዙ ዓመታት በክፍለ ሀገሩ ውስጥ ሱቅ ወይም መጋዘን የሌለው ሻጭ ታክስ እንዲሰበስብ አይገደድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሳውዝ ዳኮታ የምትባለው ክፍለ ሀገር ዌይፌር በሚባል የኢንተርኔት መደብር ላይ ባቀረበችው ጉዳይ፣ ይህን ሻረው።

አውሮፓ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ያያችሁት ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ ነው፤ ሃንጋሪ ላይ ያለው 27 በመቶ ሳይቀር ውስጡ ነው። የኛ ገበያ ሁለቱንም ይዟል። አንዱ ሱቅ «ከነቫቱ» ይላል፣ ሌላው ሒሳብ ሲመጣ ይጨምራል። እኔ የአውሮፓውን እመርጣለሁ። ዋጋው መጀመሪያውኑ ከነቫቱ ከተነገረ፣ «በደረሰኝ ወይስ ያለ ደረሰኝ» የሚለው ድርድር በር አያገኝም።

ኮምቦልቻ የሚያልፍ የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ የሕንዱን ታሪክ ይረዳዋል። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ታክስ ነበረው፤ ብዙዎቹም የራሳቸው ኬላ ነበራቸው። ጭነት መኪናዎች ወረቀታቸው እስኪታይ ድንበር ላይ ተሰልፈው ይቆሙ ነበር። በሐምሌ 2017 ታክሶቹ በአንድ አገር አቀፍ ሥርዓት ሲተኩ የክፍላተ ሀገሩ የታክስ ኬላዎች ተነሡ።

ከውጭ የሚገባ ዕቃ

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ያለው ስሌት ከሱቁ ይለያል። ቫት የሚሰላው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ ይጨመራል፤ ኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣለው) ያለበት ከሆነ እሱም ይጨመራል። ቫት የሚመጣው በድምሩ ላይ ነው። ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ 100,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ 20 በመቶ ቀረጥ ቢኖርበት፣ ቫቱ በ120,000 ላይ ይሰላል፤ 18,000 ብር። አስመጪው ቫት ተመዝጋቢ ከሆነ 18,000ውን ሲሸጥ ከተቀበለው ላይ ይቀንሳል። ቀረጡን ግን የሚቀንስበት መንገድ የለም፤ ዋጋው ውስጥ ገብቶ እናንተ ጋ ይደርሳል። ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲወደድ ሰው ቫቱን ይራገማል። ብዙ ጊዜ ግን ዋጋውን የቆለለው ከቫቱ በፊት የተደመረው ነው።

ደረሰኝ ስትቀበሉ የሻጩን ቲን ቁጥር፣ የማሽኑን ቁጥርና ቫቱ ለብቻው የተጻፈበትን መስመር እዩ። «አታችመንት» ተብሎ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ዋጋው ከነቫቱ ከተነገራችሁ፣ ቫቱን ለማግኘት ከጠቅላላው 15 በመቶ አትውሰዱ። በ15 አባዝታችሁ ለ115 አካፍሉ። ከ1,150 ላይ 15 በመቶ ብታሰሉ 172 ብር ከ50 ይመጣል፤ ስሕተት ነው። ትክክለኛው 150 ነው፣ የአንሶላው የራሱ ዋጋ ደግሞ 1,000።